ከቤት ሥራ ባሻገር፦ «ክንፉን ያዢልኝ»



የዚህ ዓምድ ጉዳይ መቼም ይታወቃል፦ ልጆቻችን ቅዳሜ ክፍል ውስጥ የተማሩትን አማርኛ በቀሪዎቹ ቀናት የት ያውሉታል የሚለው ነው። ወጥ ቤት ጥሩ ቦታ ነው፤ ቡና ማፍላቱም፣ ዳቦ መጋገሩም ብዙ ቃል ያስተምራል። ግን ወጥ ቤት የማይስበው ልጅ አለ። ወጥ ቤት የማይገባ አባትም አለ! ዛሬ የማቀርብላችሁ ሥራ ለእነሱም ይሆናል፦ በሪሞት የሚበር የመለማመጃ አውሮፕላን ገጣጥሞ ማብረር።

«መጫወቻ ነው እንዴ ቁም ነገሩ?» እንዳትሉኝ። እስቲ የየቤታችንን አማርኛ እናስበው። «ብላ»፣ «ተኚ»፣ «ስልኩን አስቀምጥ»፣ «ጫማሽን አውልቂ»፣ «ቶሎ በል ረፈደ»። ልጁ ይሰማል፣ ይገባዋል፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። «ለምን?» እና «እንዴት?» የሚባሉት ጥያቄዎች ግን ለእንግሊዝኛው ተለቀዋል። ልጁ 13 እና 14 ዓመት ሲሞላው፣ ከአባቱ ጋር ያለው ቋንቋ የትእዛዝ ብቻ ከሆነ፣ ትእዛዝ የሚያበቃ ዕለት ወሬውም ያበቃል። ስለዚህ አብረን ቁጭ ብለን «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?» የምንባባልበት ሥራ ያስፈልገናል። አውሮፕላን ደግሞ ከአፍንጫው እስከ ጭራው «ለምን?» ነው።

ምን ዓይነት ይገዛ?

ለጀማሪ የሚሆነው «ትሬነር» የሚባለው ነው። ሲያዩት ይታወቃል፦ ክንፉ ከገላው በላይ የተቀመጠ፣ ጫፍና ጫፉ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ቀላልና ዝግ ብሎ የሚበር። ክንፉ ላይ መሆኑና ጫፉ ቀና ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ራሱ ተመልሶ እንዲስተካከል ይረዳዋል። የጦር አውሮፕላን የሚመስለው፣ ልጆች ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠቁሙት፣ ይህ ጠባይ የለውም። እሱ ለሁለተኛው ዓመት ይቆይ።

ዛሬ አብዛኞቹ ከፎም የተሠሩ ናቸው፤ ቢሰበሩ በማስቲሽ ይጠገናሉ። ሪሞቱን፣ ባትሪውንና ቻርጀሩን አንድ ላይ ይዞ የሚመጣውን ፈልጉ። ራሱን የሚያረጋጋ መሣሪያ ያለው ከሆነ ደግሞ ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጠረጴዛው ላይ

ካርቶኑ ሲከፈት ገላው፣ ክንፉ፣ ጭራው፣ ጎማዎቹና ፕሮፔለሩ ለየብቻ ይወጣሉ። ማኑዋሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ችግር የለም። ልጁ ያንብበው፣ ከዚያ ለእናትና ለአባቱ በአማርኛ ይንገር። አያት ቤት ካሉማ የበለጠ ጥሩ ነው፤ «ለአያትህ አስረዳቸው፣ እሳቸው ይፍረዱ» በሉት። ማስረዳት ከመስማት በላይ ያስተምራል።

የመሣሪያዎቹን ስም እናንተ ታውቃላችሁ፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሽቦ፣ ማስቲሽ። አንዳንዶቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ግን የመርካቶ መካኒክ የሚናገራቸው የእኛው ቃላት ናቸው። ልጆቹ ከመጽሐፍ አያገኟቸውም። ከእናንተ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ?

ሌላም ጥቅም አለው። መምህራኑ እንደሚነግሩን ብዙ ልጆች «አንተ» እና «አንቺ» ይደባለቅባቸዋል፤ እህቱን «ና» የሚል ወንድም አለ። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሥራ አካፍሏቸው፦ «አንተ ክንፉን ያዝ፣ አንቺ ብሎኑን አጥብቂ። ኧረ በጣም አታጥብቂው፣ ፎሙ ይሰነጠቃል! በቃ፣ አሁን ልቀቀው፣ አንቺ ደግሞ ጭራውን አምጪ።» አንድ ሰዓት እንዲህ ከሠሩ የሰዋስው ሠንጠረዥ አያስፈልጋቸውም።

የመሪዎቹን ስም በተመለከተ አትጨነቁ። ክንፉ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች አይለሮን፣ የጭራው አግድም ክፍል ኤሌቬተር፣ የቆመው ረደር ይባላሉ። ስሙን እንዳለ ውሰዱት፤ ሥራውን ግን በአማርኛ አስረዱ። አይለሮን ያጋድላል፣ ኤሌቬተር አፍንጫውን ያነሳል ወይም ይደፋል፣ ረደር አፍንጫውን ወደ ጎን ያዞራል። እነዚህ ግሦች ናቸው የልጁ ሀብት የሚሆኑት።

ሚዛን

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ባትሪው ከገባ በኋላ አውሮፕላኑን በሁለት ጣት ከክንፉ ሥር ደግፋችሁ አንሱት። የሚመዛዘንበት ቦታ ማኑዋሉ ላይ በቁጥር ተጽፏል። በአብዛኛው ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነስቶ የክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ ላይ ይሆናል። የክንፉ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከ5 እስከ 6.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። «ሩብ» እና «ሲሶ» የሚሉትን ቃላት ልጆቹ በዚህ አጋጣሚ ይለኩባቸው።

አፍንጫው ትንሽ ቢከብድ አውሮፕላኑ ይሰንፋል እንጂ ይታዘዛል። ጭራው ከከበደ ግን አፍንጫውን ሽቅብ እየሰቀለ አልገዛም ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው በረራ በደህና አይመለስም። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ባትሪውን ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማንሸራተት።

ባትሪና ፕሮፔለር፦ የወላጅ ድርሻ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የእነዚህ አውሮፕላኖች ባትሪ ሊቲየም ፖሊመር ነው። ከተበሳ፣ ካበጠ ወይም ያለ ልኩ ከተሞላ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ለእሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ ይሞላ፤ 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዘው በ2.2 አምፔር ሲሞላ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ያን አንድ ሰዓት ከአጠገቡ አትራቁ፤ አስቀምጣችሁት አትተኙ። በጋ ላይ መኪና ውስጥ አትተዉት። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይበርም።

ፕሮፔለሩ ደግሞ ጣት ይቆርጣል። ጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩ ፕሮፔለሩ ይውጣ። ቅደም ተከተሉንም ልጁ በቃሉ ይያዝ፦ ሲጀመር መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ከዚያ የአውሮፕላኑ ባትሪ ይሰካል። ሲጨረስ መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል፣ ከዚያ ሪሞቱ ይጠፋል። «መጀመሪያ… ከዚያ… በመጨረሻ» የሚለውን አነጋገር እየደጋገመ ይንገራችሁ፤ ሳይነግራችሁ ባትሪውን እጁ ላይ አታስቀምጡለት።

የት ነው የሚበረው?

ይህን በደንብ አንብቡልኝ፤ አካባቢያችን እንደ ሌላው የአሜሪካ ክፍል አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ ከሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ 15 ማይል ድረስ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮንም ሆነ የሞዴል አውሮፕላን ማብረር ክልክል ነው። አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ከአፓርትመንታችን ጀርባ ያለው ሜዳ ምንም ሰፊ ቢሆን አይሆንም። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ክልል ደንቡን አክብሮ ማብረር ይቻላል።

ደንቡም ይህ ነው። ለመዝናኛ የሚያበር ሰው ሁሉ ትረስት የሚባለውን ነጻ ፈተና በኢንተርኔት ወስዶ ወረቀቱን መያዝ አለበት። አውሮፕላኑ 250 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በፌዴራሉ የአቪዬሽን አስተዳደር ይመዘገባል፤ ክፍያው ለሦስት ዓመት 5 ዶላር ነው፤ ቁጥሩም አውሮፕላኑ ላይ ይጻፋል። የሚያስመዘግበው ሰው 13 ዓመት የሞላው መሆን ስላለበት ለትንንሾቹ ወላጅ ያስመዘግባል። ከዓይን ሳይርቅ፣ ከ400 ጫማ ማለትም ከ120 ሜትር ገደማ ሳያልፍ ይበራል። የተመዘገበ አውሮፕላን ሪሞት አይዲ የሚባል መለያ ማሰራጫም ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ተብለው በተፈቀዱ ሜዳዎች ላይ ሲሆን ግን ይቀራል።

እንዲህ ያሉ ሜዳዎች በብዛት የክለቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመው የአሜሪካ የሞዴል አውሮፕላን ማኅበር በየአካባቢው ክለቦች አሉት። ብዙዎቹ ለጀማሪ አስተማሪ ያዘጋጃሉ፤ ሁለት ሪሞት አገናኝተው ልጁ ሲሳሳት አስተማሪው ይረከበዋል። ብቻችሁን ከመጀመር ይህ ይሻላል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የቦታውን ደንብ ከአስተዳደሩ ገጽ ላይ አረጋግጡ፤ ደንብ ይለወጣል።

ሜዳ ላይ

ጠዋት ውጡ፤ ነፋሱ ገና አልተነሳም። ከመነሳቱ በፊት ከአውሮፕላኑ ጀርባ ቁሙና መሪዎቹን ፈትሹ። ዱላውን ወደ ራስ ሲስቡት ኤሌቬተሩ ወደ ላይ መነሳት አለበት። ወደ ቀኝ ሲገፉት የቀኙ አይለሮን ይነሳል፣ የግራው ይወርዳል። ተገላቢጦሽ ከሆነ በፍጹም አይነሳም። ልጁ ጮክ ብሎ ይቁጠረው፦ «ቀኝ ተነሳ፣ ግራ ወረደ፣ ጭራ ደህና ነው።»

አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ነው። ሣር በጥሳችሁ ወደ ላይ በትኑ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይታያል። ከተነሳ በኋላ ቶሎ ከፍታ ይያዝ። ከፍታ ማለት ስህተትን ማረሚያ ጊዜ ነው። አፍንጫው ሽቅብ ሆኖ ፍጥነቱ ከሞተ ክንፉ መሸከሙን ይተዋል፣ አውሮፕላኑም ይወድቃል። ያኔ ደመ ነፍስ «ሳብ!» ይላል፤ ትክክሉ ግን አፍንጫውን ትንሽ ደፋ አድርጎ ፍጥነት መጨመር ነው።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው አውሮፕላኑ ወደ እኛ ፊቱን ሲያዞር ነው። የእሱ ቀኝ የእኛ ግራ ይሆናል። ለዚህ አንድ ዘዴ አለ፦ ወደ እናንተ እየመጣ ሳለ የትኛው ክንፍ ዝቅ እንዳለ እዩ፤ ዱላውን ወደዚያው ወደ ዝቅ ያለው ክንፍ ግፉት፣ ይቃናል።

የቋንቋችንም ጠባይ እዚህ ላይ ይታያል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ልጄ፣ እስቲ ቀስ ብለሽ ወደ ግራ በኩል ትንሽ…» እያላችሁ ግሡ እስኪደርስ አውሮፕላኑ ዛፍ ላይ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ አጫጭር ቃላት ተስማሙ፦ «ግራ!»፣ «ቀኝ!»፣ «ጨምሪ!»፣ «ቀንሺ!»፣ «ልቀቂ!» መጨረሻ የጻፍኩት ብዙ ጊዜ መዳኛ ነው፤ ጀማሪ ዱላውን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ መለማመጃ አውሮፕላን ደግሞ ሲለቁት ራሱን ማቃናት ስለሚወድ። እነዚህን ቃላት ልጁ ማሰብ ሳያስፈልገው መስማት አለበት። እንግሊዝኛው ቀድሞ እንዳይገባ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የማብረር መለማመጃ ጥቂት ሳምንት ተለማመዱ።

መውደቁ አይቀርም። ሲወድቅ «ይኸው ሰበርከው!» የሚለው ቃል ከአፋችን እንዳይወጣ አደራ። ልጁ ተጠያቂ ነህ የሚባልበትን ቋንቋ ይሸሻል። ይልቅ አብራችሁ ሂዱ፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ ስብርባሪውን ልቀሙና «ምን የሆነ ይመስልሃል?» በሉት። ነፋሱ ነው? ሚዛኑ ነው? ፍጥነቱ ሞተ? መልሱን በአማርኛ ከጀመረ፣ ቢንተባተብም አታርሙት፤ ይጨርስ። በእኔ እምነት የዚህ ሁሉ ወጪና ድካም ዋጋ ያቺ የሜዳ ላይ ወሬ ናት።

ለመንገድ የሚሆን ታሪክ

ወደ ሜዳው ስትነዱ ስለ «ፀሐይ» ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 ከጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ጋር ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራች ትንሽ አውሮፕላን ነበረች፤ ስሟም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ነው። በወረራው ጊዜ ወደ ጣልያን ተወስዳ ለአሥርት ዓመታት ሙዚየም ውስጥ ከቆየች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ወደ አገሯ ተመልሳለች። ልጆቹ ለአውሮፕላናቸው ስም ማውጣታቸው አይቀርም፤ ስሙ በፊደል ክንፉ ላይ ይጻፍ። የመምህራኑ አስተያየት፦ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይጠቀሙ፣ «ፀ» እና «ጸ»ን አስቀድመው ይምረጡ።

የሳምንቱ ግሦች፦ ገጠመ፣ አጠበቀ፣ ፈታ፣ መዘነ፣ አጋደለ፣ ቀና፣ ተነሳ፣ አረፈ፣ ጠገነ። ልጆቹ በእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ቅዳሜ ይዘው ይምጡ። አውሮፕላን ባይኖራችሁም ከወረቀት አጥፉና ሳሎን ውስጥ አብርሩት፤ አፍንጫው ላይ የወረቀት መያዣ ስትሰኩ ሚዛኑ እንዴት እንደሚለወጥ ያያሉ፣ ግሦቹም ያው ናቸው።

ቸር ይግጠመን። ቅዳሜ በሰላም ያገናኘን።