ሰሙ ቀለጠ፤ ወርቁስ የማን ነው?

ወርቅ ቤት የገባ ሰው ጥያቄ አያልቅበትም። «ስንት ካራት ነው? ስንት ግራም ይመዝናል? ግራሙ በስንት ሂሳብ ነው?» ይላል። 21 ካራት ከተባለ ከ24 እጁ 21ዱ ንጹሕ ወርቅ፣ ቀሪው ሌላ ማዕድን መሆኑን ገዢም ሻጭም ያውቃሉ። «ማን ሠራው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም። ቢጠየቅም መልሱ የቤቱ ስም ነው።

ዛሬ ዛሬ ደግሞ ከቤቱ ስም ሥር «ባህላዊ ጥበብን ከዘመናዊ ዲዛይን ጋር ያዋሐደ የቤተሰብ ድርጅት» የሚል ማስታወቂያ ይጨመራል። አባባሉ ያምራል። እስቲ ግን እንመርምረው። በዚህ አነጋገር ባህሉ እጅ ነው፣ ዘመናዊነቱ ጭንቅላት። አንጥረኛው ጉልበቱን ያዋጣል፣ ዲዛይነሩ ሐሳቡን። እኔ የምቃወመው ይህንን ክፍፍል ነው።

ለመሆኑ አንጥረኛ ሳያስብ የሠራው መቼ ነው? የኦስትሪያዋን ንግሥት ምስልና 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የያዘውን ማርትሬዛ ብር እያቀለጠ የአንገት መስቀል፣ ድሪና አልቦ ሲያደርገው የኖረው ማን ነው? 28 ግራም ገደማ የሚመዝነውን የባዕድ ገንዘብ የአገር ጌጥ ማድረግ ማዋሐድ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ብሩን በጠባብ ቀዳዳ እየሳበ እንደ ክር ያቀጥነዋል። ክሩን ይገምደዋል፣ ይጠመዝዘዋል፣ በእሳት ያጣብቀዋል። ስንት ዙር እንደሚጠመዘዝ፣ የቱ ጋ ክፍት ቦታ እንደሚተው የሚወስነው እሱው ነው። ይህ ዲዛይን ካልሆነ ቃሉ ባዶ ነው።

ሌላም አለ። የምንኮራበት ቅኔ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስያሜ ያገኘው ከአንጥረኛው ሥራ ነው። ቅርጹ በሰም ይበጃል፤ ሰሙ በጭቃ ይመረጋል፤ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ወርቅ ይፈስሳል። ሊቃውንቱ ይህን ጥበብ የጥበባቸው ምሳሌ አደረጉት። ኅብረተሰቡ ግን ባለ ሙያውን «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያለ ከማዕዱም ከጋብቻውም አራቀው። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደረሱ። ዐዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ክብርን ግን አይመልስም። ያኔ ክፉ ስም ሰጥተን አራቅነው፤ ዛሬ ስሙን ነሥተን ሥራውን አቀረብን።

«ባለ ሱቁ ባይኖር አንጥረኛው ምን ይበላ ነበር?» የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት አላቸው። ወርቅ ውድ ነው፤ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ኪሳራውን ተሸክሞ፣ ገዢ ፈልጎ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል። በማሽን ተመርቶ ከውጭ የሚገባው ጌጥ የእጅ ሥራውን እየገፋው መሆኑም አይካድም። አዲስ ቅርጽ የሚነድፉ ወጣቶችንም አልጠላም፤ ጌጥ ከዘመኑ ጋር ካልሄደ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ታዲያ ነዳፊው ስሙን ሲጽፍ ሠሪው ለምን ይቀራል? «የቤተሰብ ድርጅት» ሲባልስ የማን ቤተሰብ ነው? መዶሻና ወናፍ ከአባት ለልጅ ያወረሰው ቤተሰብ በዚያ ቃል ውስጥ አለበት?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ካራቱ በሚታተምበት ጎን የሠሪው ምልክት ይታተም። ደረሰኙ ላይ የነዳፊውም የአንጥረኛውም ስም ይጻፍ። ሥራው ሲደነቅና ዋጋው ሲጨምር ድርሻው ለእሱም ይጨመርለት። የአንጥረኛ ልጅ የአባቱን ሙያ የሚሸሸው ጥበቡ ስላስጠላው ሳይሆን እንጀራም ስምም ስላጣበት ነው። ያ ልጅ ከሄደ በኋላ ከዘመናዊው ጋር የሚዋሐድ ባህላዊ ጥበብ ከየት ይመጣል?

ለገዢውም አንድ አደራ አለኝ። ካራቱንና ግራሙን ጠይቀው ሲጨርሱ «ማን ሠራው?» ይበሉ። ባለ ሱቁ መልስ እስኪያዘጋጅ ድረስ ደጋግመው ይጠይቁ።