በሰው ልክ የተሰፋ ጥይት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ ሆኗል። «ቲቸር፣ ለ50 ካሊበር ምርጡ ጥይትና ሳቦ የቱ ነው? ስሙን ብቻ ይንገሩን።»

አልነግራችሁም። ሰስቼ አይደለም። ጥያቄው ራሱ የተበላሸ ስለሆነ ነው።

ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። እዚህ አሜሪካ ያለን ሐበሾች የምንቀባበለው አንድ ቪዲዮ አለ። ሰውዬው ባለብዙ ተከታይ ነው፣ ስሙ ይቅር። «150 ግሬይን ባሩድ፣ 250 ግሬይን ጥይት፣ እስከ 200 ያርድ ዓይንህን ጨፍነህ ተኩስ» ይላል። ማስረጃው ወረቀት ላይ የተጠጋጉ ሦስት ቀዳዳዎች ናቸው። በቃ! እኛ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ የዚህ ጠመንጃ አደን በኖቬምበር መጀመሪያ ይከፈታል። ይሄን ሰምቶ፣ የተባለውን ፓኬት ገዝቶ፣ ሁለት ጊዜ ተኩሶ ጫካ የሚገባውን ሰው ሳስብ ያመኛል። የሚከፍለው እኮ እሱ አይደለም። ሆዷን ተመትታ ሌሊቱን ሙሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትማቅቅ የምታድረው አጋዘን ናት።

አደን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። የማወራው በአፈሙዙ ስለሚጎርስ ጠመንጃ ነው፣ አባቶቻችን «ቆመህ ጠብቀኝ» ይሉት የነበረው ዓይነት። መጀመሪያ ባሩድ ታፈሳለህ፣ ከዚያ ጥይቱን በዘንግ እየገፋህ ባሩዱ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ቀለህ የለም። የዛሬዎቹ መልካቸው ዘመናዊ ጠመንጃ ቢመስልም አሠራሩ ያው ነው፤ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም ለብቻው የአደን ወቅት ሰጥተውታል። ሳቦ ማለት ደግሞ ጥይቱ የሚለብሳት የፕላስቲክ ቀሚስ ናት። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፣ የእንጨት ጫማ ማለት ነው። ጥይቱ ከበርሜሉ ይቀጥናል፣ ሳቦዋ ክፍተቱን ትሞላለች፣ ከአፈሙዙ ሲወጡ ቅጠሎቿ ተከፍተው ወደ ኋላ ትቀራለች፣ ጥይቱ ብቻውን ይሄዳል።

እንግዲህ ጠቡ እዚች ቀሚስ ላይ ነው።

50 ካሊበር የሚባል በርሜል ውስጡ 0.500 ወይም 0.501 ኢንች ገደማ ነው። «ገደማ» የምትለዋን አስምሩባት። ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው፣ አንዳንዴም ከአንዱ ጠመንጃ ወደ ወንድሙ፣ በሺዎች በሚቆጠር የኢንች ክፋይ ይለያያል። በውስጡ የሚገባው የተለመደ ጥይት 0.452 ነው። 0.501 ሲቀነስ 0.452፣ 0.049። ለሁለት ሲካፈል በያንዳንዱ ጎን 0.0245 ኢንች ለሳቦዋ ይተርፋል። ከዚህ ላይ የበርሜሉን ጠመዝማዛ ቦዮችም መሙላት አለባት። በእንዲህ ዓይነት ልክ ላይ የሁለትና የሦስት ሺኛ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ላንተ በርሜል ልክ የሆነችው ሳቦ ለእኔ ሰፊ፣ ለሦስተኛው ሰው በመዶሻ ካልሆነ የማትገባ ልትሆን ትችላለች። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ጥይት የሚይዙ ሳቦዎች በተለያየ ውፍረት የሚሸጡት። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይባል የለ?

ስትሰፋ ምን ይሆናል? ጋዙ በጎኗ ያመልጣል፣ የጥይቱ ፍጥነት ከተኩስ ተኩስ ይለያያል። ይባስ ብሎ ጫካ ስትሄዱ ጥይቱ ከባሩዱ ተንሸራቶ ወደ ፊት ሊወጣ ይችላል። በባሩድና በጥይት መካከል ክፍተት ያለው ጠመንጃ መተኮስ በርሜል ሊያፈነዳ ይችላል፣ ቀልድ አይደለም። ስትጠብ ደግሞ እየታገላችሁ ትገፋላችሁ፣ የጥይቱ ጫፍ ይጎዳል፣ አንዱን በኃይል አንዱን በቀስታ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ «ጠመንጃው ይበትናል» ትላላችሁ። ጥሩ ልክ የሚባለው በአንድ እጅ፣ በማይቋረጥ ግፊት፣ ሳትዶልቱ የምትወርደው ናት። ስትደርስ ዘንጉ ላይ በአፈሙዙ ልክ ምልክት አድርጉ። በሚቀጥለው ጊዜ ምልክቱ ከፍ ካለ ወይም ጥይቱ አልደረሰም ወይም ባሩዱ በዝቷል።

ከተኮሳችሁ በኋላ ደግሞ መሣሪያው ሁሉ ባዶ ሲሆንና ሬንጁ ሲፈቅድ ሄዳችሁ ሳቦዋን ልቀሟት። ከአፈሙዙ ብዙም ሳትርቅ መሬት ላይ ታገኟታላችሁ። ከሰውዬው ቪዲዮ የበለጠ የምትነግራችሁ እሷ ናት። ቅጠሎቿ እኩል ከተከፈቱ ደህና። አንዱ ቅጠል ተቀንጥሶ ሌላው ካልተከፈተ፣ ስትለያይ ጥይቱን ወደ አንድ ጎን ገፍታዋለች ማለት ነው። ቂጧ ከተቃጠለ ወይም ከቀለጠ ባሩዱ ከብዷታል፤ መጠኑን ቀንሱ፣ ወይም ከሥሯ የሱፍ ወስፌልት አድርጉ። በተከታታይ ተኩስ በርሜሉ ሲግልም ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ስለዚህ ታገሡ፣ በያንዳንዱ ተኩስ መካከልም በርሜሉን በእርጥብ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ጠጣር ጥላሸት ሆኖ ነው የሚቀረው። ያልተጠረገ በርሜል በየተኩሱ ልኩ የሚቀየር በርሜል ነው።

አሁን ወደ 150 ግሬይኑ። «ፍጥነት ሲጨምር ጥይቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል» ይላል ሰውዬው። እውነት አለው፣ አልክድም። ግን ባሩድን ከ100 ወደ 150 ስታደርስ በግማሽ ጨመርክ፤ ፍጥነቱ በግማሽ አይጨምርም፣ አጠገቡም አይደርስም። የተጨመረው ባሩድ ራሱ ክብደት ነው፣ እሱንም መግፋት አለብህ። የማይቀርልህ ትከሻህ ላይ የሚያርፈው ምት ነው። ምቱን የፈራ ሰው ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። «ዓይንህን ጨፍነህ ተኩስ» ያለው ለካ ይሄን ነው!

ሌላም አለ። በሳቦ ከምንተኩሳቸው ጥይቶች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ሆርናዲ ኤክስቲፒ፣ መጀመሪያ የተሠሩት ለሽጉጥ ነው። የ45 ኮልት ሽጉጥ 250 ግሬይን ጥይት በሰከንድ 900 ጫማ አካባቢ ነው የሚተኩሰው። እኛ በ100 ግሬይን ባሩድ ብቻ ወደ እጥፉ እየተጠጋን ነው። ከዚያ በላይ ሲገፋና አጋዘኗ ቅርብ ስትሆን ጥይቱ ዘልቆ ከመግባት ይልቅ ላይ ላዩን ሊበታተን ይችላል። ወረቀት ይሄን አያሳይም። ወረቀት አጥንት የለውም።

የኔ ተማሪዎች ደግሞ ቀመር ስለምትወዱ አንድ ልስጣችሁ። ግሪንሂል የተባለው የእንግሊዝ የሒሳብ ሊቅ በ1879 እ.ኤ.አ. ያወጣት ናት። 150ን በጥይቱ ውፍረት ስኩዌር አባዙ፣ በርዝመቱ አካፍሉ፤ የበርሜሉ ቦይ አንድ ዙር ለመዞር ቢበዛ ስንት ኢንች ቢፈጅ ጥይቱ እንደማይገለባበጥ ታገኛላችሁ። 0.452 ውፍረት፣ 1 ኢንች ርዝመት፣ መልሱ 30.6። ዘመናዊዎቹ አብዛኞቹ በ28 ኢንች ስለሚዞሩ ችግር የለም። ግን በ48 ኢንች የሚዞረውን የድሮ ዓይነት ጠመንጃ የያዘ ሰው ከ0.64 ኢንች የረዘመ ጥይት ባያጎርሰው ይሻለዋል። ሙሉ መዳብ የሆነው ጥይት ደግሞ ለዚያው ክብደት ይረዝማል፣ ከእርሳስም ይቀልላል፣ ስለዚህ የበለጠ ፈጣን ዙር ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ጥይቱ በጎኑ ነው የገባው። ስኮፕ ብትቀያይሩ አይድንም።

ወደ ሦስቷ ቀዳዳ ልምጣ፣ እሷ ናት የምታናድደኝ። ሦስት ጥይት በዕድል ይጠጋጋል። ዘጠኝ ተኩሶ የተጠጋጉትን ሦስት ፎቶ ማንሳትም ይቻላል፣ ማን አየው? አምስት ተኩሱ፣ በሌላ ቀን አምስት ድገሙ፣ ከዚያ አሥሩንም ቁጠሩ። «አንዱ አምልጦኝ ነው» ብሎ መፋቅ የለም። የሚቀየረው ነገርም በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይሁን። ጥይቱን፣ ሳቦውንና ባሩዱን አንድ ላይ የቀየረ ሰው ምንም አልሞከረም። ባሩዱን ከ80 ወይም ከ90 ጀምራችሁ በአምስት በአምስት ጨምሩ፣ የጠመንጃችሁ መመሪያ ከሚፈቅደው አትለፉ።

ደግሞ ጫካ ውስጥ የምትተኩሱት የመጀመሪያዋን ጥይት ነው፣ በቀዝቃዛ በርሜል። አራተኛዋ ምን ያደርግላችኋል? ስለዚህ ሬንጅ በሄዳችሁ ቁጥር የዕለቱን የመጀመሪያ ተኩስ አንድ የተለየ ወረቀት ላይ ተኩሱ፣ ወረቀቷን አጣጥፋችሁ አስቀምጡ፣ በሌላ ቀን እዚያችው ላይ ድገሙ። ከአምስት ቀን በኋላ እዚያች ወረቀት ላይ ያለው ነው የእናንተ እውነተኛ ልክ። ቀዳዳዎቹ በ100 ያርድ አንድ የምግብ ሳህን ካልሞሉ ተመስገን በሉ፤ ከሳህን ካለፉ ግን 200 ያርድ የሚባለውን እርሱት፣ 100ም በዝቷል።

«ቲቸር ነገር ያከብዳሉ፣ ገንዘቡስ?» የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ አራት ሆናችሁ ግዙ። ሳቦ ለብቻው ይሸጣል፣ ጥይትም ለብቻው። ሁለት ዓይነት ጥይትና ሦስት ዓይነት ሳቦ ገዝታችሁ ብትካፈሉ፣ ብቻችሁን ሦስት «ምርጥ» ፓኬት ገዝታችሁ ከምትጥሉት ይረክሳል።

ኮሎራዶና አይዳሆ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ልብ በሉ፣ በዚህ ጠመንጃ ወቅት እናንተ ጋ ሳቦ ጭራሽ ክልክል ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ስኮፑም፣ እንደ እንክብል የተጠፈጠፈው ባሩድም አይፈቀድም። የሰውዬውን ምክር ይዞ እዚያ የሄደ ሰው አጋዘን ሳያይ የሚያገኘው ጠባቂውን ነው።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ክርክር አልቀበልም። ለዘመናዊ ቀለህ የሚሠራውን ጭስ አልባ ባሩድ እነዚህ ጠመንጃዎች ውስጥ እንዳትጨምሩ። ትንሽም ቢሆን፣ ለሙከራም ቢሆን። ለዚያ ተብለው የተሠሩ ጥቂት ጠመንጃዎች አሉ፣ የናንተ ከነሱ ካልሆነ በርሜሉ ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል።

ስም የጠየቃችሁኝ ልጆች፣ የበርሜላችሁን ዙር፣ የሞከራችሁትን ሳቦና የዚያችን የመጀመሪያ ተኩስ ወረቀት ፎቶ ላኩልኝ። ቁጭ ብዬ አብሬያችሁ አያለሁ። ለሦስት ቀዳዳ ፎቶ መልስ አልሰጥም።