ስማችንን የሚመልስ ወንፊት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን፤ በኮምፒዩተር የሚሞላ ቅጽ ግን ያንኑ ስም አንዳንድ ጊዜ «ስሕተት» ብሎ ይመልሰዋል። ይህም የሚሆነው በጃቫስክሪፕት ትእዛዙን የሚጽፈው ሰው የቅጹን ሣጥኖች ሁሉ ባንድነት መርጦ፥ ከላቲን ፊደልና ከቁጥር በቀር ሌላ በማያሳልፍ አንድ ወንፊት ሲያጣራቸው ነው።

የግዕዝ ፊደል እኮ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ገብቷል፤ «አውጚ» ብለን የቋንቋችንን ስም የምንጽፍበት «ጚ»ም ከነወንድሞቹ፥ ከ«ጘ» እስከ «ጞ»፥ አብሮ ተመዝግቧል።

ስለዚህ የኮምፒዩተር ትምህርት የምትከታተሉ የእንጅባራና የዳንግላ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ሣጥኖቹን በየዓይነታቸው ምረጡ፤ ለስልክ የቁጥር ወንፊት፥ ለስም ግን ፊደልን ሁሉ፥ የ«ገ/ሥላሴ»ንም እዝባር ጭምር የሚያሳልፍ ወንፊት አድርጉ። በእኔ አስተያየት፥ የሰውን ስም ከማረም ወንፊቱን ማረም ይቀላል።