ሰፈሩን ማን መረጠና?

«የዛሬ ልጅ ሰፈር አይወድም፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው» የሚሉን ታላላቆቻችን አንድ ነገር ይመልሱልን፦ እናንተስ መቼ መረጣችሁ?

በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አዲስ አበባ ውስጥ የቀበሌ ቤት የደረሰው ሰው በጥቂት ብር ኪራይ ልጅ አሳደገ፣ ልጅ ዳረ። ዕድሩም የቡናው ጉርብትናም የጸናው ሰው ከቤቱ ሳይነቃነቅ ስለኖረ ነው። ቀጣዮቹ በ1997 እና በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዘገቡ፤ ጀሞ ይሁን የካ አባዶ የወሰነላቸው ዕጣ ነው።

እኛስ? የእኛን ሰፈር የሚቆርጡት አከራይና ደላላ ናቸው። ኪራይ በጨመረ ቁጥር ከመገናኛ ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቱሉ ዲምቱ። የጎረቤት ስም ሳናውቅ ፍራሽ እንጠቀልላለን፤ ከዚያ «ማኅበራዊ ሕይወት አታውቁም» እንባላለን! በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን በ2 ዓመት ሰፈርተኛ አይኮንም።

ሰፈር የሚሠራው በመቆየት ነው። የድሮው ጉርብትና በእውነት ከናፈቃችሁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየውን ልጅ አታስወጡት።