የራሳችን ሚሳኤል ይኑረን? ከቢሾፍቱና ከአዳማ እንጠይቅ

ካይሮ በዛተች፣ አስመራ ባኮረፈች ቁጥር ሶሻል ሚዲያው ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «እኛስ የራሳችንን ሚሳኤል የምንሠራው መቼ ነው?» ጠቅላይ ሚኒስትሩ በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ የስካይዊን ድሮን ፋብሪካን ከመረቁ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው «ለምን ዘገየ?» ወደሚለው ተሸጋግሯል። ህዳሴን ገንብተናል፣ ድሮን ጀምረናል፣ ቀጥሎ ሚሳኤል ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ጥያቄውን አልንቀውም። በዚህ ቀጠና የሚኖር ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ሰማዩን በሰው ቸርነት ሊያስጠብቅ አይችልም። ነገር ግን መልሱን ፌስቡክ ላይ ከሚዞረው የሮኬት ፎቶ አናገኘውም። ከአዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ ስንወጣ የምናገኛቸው ሁለት ከተሞች፣ ቢሾፍቱና አዳማ፣ ብዙ የሚነግሩን ነገር አላቸው።

ከቢሾፍቱ እንጀምር። ብዙ ሰው የሚመራ ሚሳኤል ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር ይመስለዋል። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ዚያድ ባሬ ኦጋዴንን ሲወር፣ ያኔ ደብረ ዘይት ትባል ከነበረችው ከተማ የወጡት አብራሪዎቻችን በኤፍ-5 አውሮፕላኖቻቸው ላይ ሳይድዋይንደር የተባለውን፣ የሞተር ሙቀት ተከትሎ የሚሄደውን ሚሳኤል ታጥቀው ነበር። የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ ያወረዱት በእሱ ጭምር ነው። ለገሠ ተፈራን የመሰሉ ጀግኖች የተፈጠሩት በዚያ ውጊያ ነው፤ እሱ ራሱ ኋላ ተማርኮ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይቷል።

ግን አውሮፕላኑም፣ ሚሳኤሉም፣ መለዋወጫውም የአሜሪካ ነበር። ዋሽንግተን ከደርግ ጋር ስትጣላ ያዘዝነው መሣሪያ በመንገድ ቀረ። ወራሪው ድንበር ጥሶ በገባበት ሰዓት ሻጩ ፊቱን አዞረ ማለት ነው።

ይህን ከቱርክ ጋር አስተያዩት። ቱርክ በ1974 እ.ኤ.አ. ቆጵሮስ ላይ ጦር ስታዘምት አሜሪካ በቀጣዩ ዓመት የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለችባት። ቱርኮች በዚያው በ1975 አሴልሳን የተባለውን የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1988 ሮኬትሳን ተከተለ። እኛ ተመሳሳይ ጥፊ የቀመስነው ከእነሱ ሁለት ዓመት ቆይተን ነው። ያደረግነው ግን ሻጭ መቀየር ነበር፤ ከዋሽንግተን ወደ ሞስኮ። ጦርነቱ ፋታ አልሰጠንም፣ ይህ እውነት ነው። ከጦርነቱ በኋላም ግን አልሞከርነውም። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው የባይራክታር ድሮን ሚሳኤል የዚያ የ40 ዓመት ሥራ ፍሬ ነው። ያም ሆኖ በ2020 እ.ኤ.አ. ካናዳ ካሜራውን ስትከለክላቸው፣ የኦስትሪያው የሞተር አምራች ሲያፈገፍግ፣ ቱርኮቹም ምትክ ፍለጋ ሮጠዋል።

ከዚያ በኋላም የእኛ ልማድ አልተለወጠም። በኤርትራ ጦርነት ጊዜ ሱ-27 ከሩሲያ ገዛን፤ ከሚሳኤሎቹና ከአሠልጣኞቹ ጋር። በየካቲት 1991 ዓ.ም. ከኤርትራ ሚግ-29ዎች ጋር በተደረገው የአየር ውጊያ የበላይነቱ የእኛ ሆነ። የአቪዬሽን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ግን በራዳር የሚመሩት አር-27 ሚሳኤሎች በአብዛኛው ዒላማቸውን ስተዋል። እስከ ዛሬ ብዙ ሰው «የሚመራ» ሲባል «የማይስት» ይመስለዋል።

አሁን ወደ አዳማ እንውረድ። ናዝሬት ሳለች፣ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቁሞባት ነበር። ልብ በሉ፣ መገጣጠሚያ ነው። ክፍሉ በሣጥን ይመጣል፣ እዚህ በብሎን ይታሰራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ይመረቃል። ፋብሪካው በኋላ ሜቴክ ሥር ገብቶ የአዳማ የእርሻ መሣሪያዎች ኢንዱስትሪ ተባለ። ቢሾፍቱ ደግሞ የአውቶሞቲቭ ፋብሪካና ደጀን አቪዬሽን ነበሯት። የአዲስ አበባ ሰው «ቢሾፍቱ ባስ» ሲባል ምን እንደሚያስታውስ እኔ አልናገርም፣ ተሳፋሪው ይናገር።

ትራክተር ከሚሳኤል ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። ብዙ ነገር! የሚሳኤል ቀላሉ ክፍል አካሉ ነው። ቱቦ ነው፤ ጋዛ ውስጥ ከውሃ ቧንቧ ሮኬት ሲሠራ አይተናል። ከባዱ ሌላው ነው። ጠጣሩ ነዳጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ውስጡ የፀጉር ስንጥቅ ካለ ሲቀጣጠል ይፈነዳል። አቅጣጫ የሚነግረው ጋይሮስኮፕ ደግሞ ትንሽ ከዛነፈ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። እስቲ አስሉት፦ የ1 ዲግሪ የአቅጣጫ ስህተት 300 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ወታደራዊ ካምፕ ተብሎ የተተኮሰው ገበያ መሀል ይወድቃል ማለት ነው። ይህን የሚያስቀር በማይክሮን የሚለካ ቶርኖ፣ ልኬቱን የሚያረጋግጥ ላብራቶሪ፣ አሥር ጊዜ ተኩሶ አሥር ጊዜ ስህተቱን በሐቀኝነት የሚመዘግብ መሐንዲስ ነው። የራሱን የትራክተር ማርሽ ከብረቱ ጀምሮ መሥራት የቻለ ከተማ ለሚሳኤል ግማሽ መንገድ ሄዷል። ማርሹን በሣጥን የሚያስመጣ ከተማ ሚሳኤሉንም በሣጥን ያስመጣል፤ በላዩ ላይ የአማርኛ ስም ይጽፍበታል።

ስለ ስም ካነሣን፣ የጦር መሣሪያ ፋብሪካችንን ጋፋት ብለነዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ቦታ ስም ነው። ንጉሡ 7 ቶን የሚጠጋውን ብረት መቅደላ ድረስ አስጎተቱት፤ ዛሬም እዚያው አለ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ሲጋጠሙ ግን በወታደሩ ላይ የወረደው የናፒየር ባሕር ኃይል ሮኬት ነበር። በእኛ በኩል ትልቅ ብረትና ትልቅ ልብ፣ በእነሱ በኩል በፋብሪካ ተመዝኖ በበቅሎ የመጣ ቀላል ሮኬት። ስሙን ስንወርስ ይህንንም ታሪክ አብረን ብንወርሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ሜቴክ በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ እንዲያውም ቱርኮች ካደረጉት ጋር ይቀራረባል። ችግሩ ማንም የማይጠይቀው ተቋም መሆኑ ነበር። ስኳር ፋብሪካ ተሰጠው፣ የህዳሴ ግድብ ሥራ ተሰጠው፣ «ወታደራዊ ነው» ስለተባለ ሁሉም ዝም አለ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ወጥቶ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ተፈጽሟል ሲል አገሩ ደነገጠ። ምሥጢር ለጦር መሣሪያ ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን ጠላት እንዳያይ በተሠራው መጋረጃ ጀርባ የግዥ ደረሰኙም አብሮ ተደብቆ ነበር። አሁን የምንመኘው የሚሳኤል ፕሮግራም የሚያድገው እዚያው መጋረጃ ጀርባ ነው።

ከገንዘቡ የሚከብድ ነገር ደግሞ አለ። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ጎንደርና ባሕር ዳር ኤርፖርቶች ላይ ሮኬት ተተኮሰ፤ በማግስቱ አስመራ ላይ። ሕወሓት ራሱ ተኮስኩ ብሏል። መሣሪያው ከየት መጣ? ከሰሜን ዕዝ። ለውጭ ጠላት ተብሎ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛው ሚሳኤል በገዛ ከተሞቻችን ላይ ወደቀ።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በገና ዕለት፣ ደደቢት በሚገኝ የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከቦታው የተገኘው ስብርባሪ ኤምኤኤም-ኤል የተባለው የሮኬትሳን ምርት መሆኑን የሰብአዊ መብት መርማሪዎች ለይተዋል። ይህ በሌዘር የሚመራ፣ በትክክለኛነቱ የሚወደስ መሣሪያ ነው። ጋይሮስኮፑ አልዛነፈም፤ ወደተባለበት ሄደ። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ኮሚሽን ጥቃቱን የፌደራሉ አየር ኃይል እንደፈጸመው ደመደመ፤ መንግሥት ሪፖርቱን አልተቀበለም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፍኖተ ሰላም ላይ ደረሰ በተባለ የድሮን ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ገለጸ። ዒላማውን ማን መረጠ? ማን ፈቀደ? ስህተት ከሆነ ማን ተጠየቀ? ለሕዝብ የተነገረ መልስ የለም።

ሚሳኤል ይኑረን የሚለው ወዳጄ እንዲመልስልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ዛሬ በሸመትነው ጥቂት መሣሪያ ላይ ይህን ጥያቄ መመለስ ያልቻለ ሥርዓት ነገ ራሱ በሚያመርተው፣ ብዛቱን እሱ ብቻ በሚያውቀው መሣሪያ ላይ እንዴት ይመልሳል?

ጉዳዩ በተለይ ለቢሾፍቱ፣ ለሞጆና ለአዳማ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። የአየር ኃይሉ ዋና ሰፈር፣ የሞጆ ደረቅ ወደብ፣ የጅቡቲ ባቡርና ፈጣኑ መንገድ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል። ቢሾፍቱ አቡሴራ ላይ ደግሞ ሲጠናቀቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት አለ። የጎንደሩን ሌሊት ላየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ካለ ከሩቅ መቺው ሚሳኤል በፊት ለራዳርና ለአየር መከላከያ ይዋል እላለሁ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የልኬት ላብራቶሪውና የቁሳቁስ ምርምሩ በጀት አግኝቶ ከፋብሪካዎቹ ጋር በግልጽ ውል ይሥራ። ፓርላማው ቢያንስ በዝግ ስብሰባ የግዥ ሰነዱንና የዒላማ አመራረጥ ደንቡን ይይ። ሰላማዊ ሰው በተመታ ቁጥር ተጣርቶ ውጤቱ ይነገረን።

«ይህን በአደባባይ ማንሣት ለጠላት መረጃ መስጠት ነው» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. ሐረር ሜዳ አየር ማረፊያ ላይ የትኞቹ ድሮኖች እንደቆሙ ለእኛ የነገሩን የሳተላይት ፎቶ የገዙ የውጭ ሰዎች ናቸው። ጠላትም ፎቶውን በዚያው ገበያ ይገዛል። ሳይነገረው የቀረው ግብር ከፋዩ ብቻ ነበር።

ቶርኖ ቤት የምትሠሩ፣ የብረታ ብረት ምሕንድስና የምታስተምሩ፣ በተለይ አዳማ ያላችሁ፦ ከብረቱ ጀምሮ እዚሁ የሚሠራ የማርሽ ሣጥን ዛሬ ይቻላል ወይስ አይቻልም? ምን ጎደለ? ከታች ጻፉልን።