ለአያት ፊደል ማስቆጠር

ቤታችሁ ውስጥ ስልሳዎቹን የተሻገረ ሰው ካለ እስቲ ዛሬ ቡና ላይ «መሠረተ ትምህርት ትዝ ይልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ፊቷን ታጠቁራለች፣ ምንም የማይል ግን አይገኝም። ልጆች፣ እናንተም ጠጋ በሉና ስሙ፤ በዚያ ዘመን አስተማሪ ከነበሩት ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከእናንተ እምብዛም አይበልጥም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት አገር አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመረ። ከዚያ ቀደም፣ በ1967፣ «እድገት በኅብረት» በተባለው ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወርደው ከሌላው ሥራ ጋር ፊደልም አስቆጥረው ነበር። የ1971ዱ ግን ማስተማርን ዋና ሥራው አድርጎ የተነሣ ነው። በመንግሥት ግምት አብዮቱ ሲፈነዳ ከ100 ኢትዮጵያውያን 93ቱ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ትምህርቱ ከከተማ ተነሥቶ ወደ ገጠር ወረደ። የቀበሌ አዳራሽ፣ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ እሱም ከሌለ የዛፍ ጥላ ክፍል ሆነ። የማስተማሪያ ቋንቋዎቹ እየተጨመሩ ሄደው 15 ደረሱ፤ ሁሉም የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ።

እስቲ ያን ክፍል በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ሰሌዳው አጠገብ የቆመው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ገና ጢም እንኳ አላወጣም። ከፊቱ የተቀመጡት ቀኑን ሙሉ ሲያርሱ የዋሉ አባወራና ልጅ ያዘሉ እናት ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሰማይ አይተው ዝናቡን ሲናገሩ፣ የእህሉን ዋጋ በጣሳና በቁና በልባቸው ሲያሰሉ ልጁ አጠገባቸው አይደርስም። እርሳስ ሲይዙ ግን ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ልጁን የሚያበሉትና የሚያሳድሩትም እነሱው ናቸው። ትልቅ ሰው ማስተማር ከሕፃን የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የተቀመጠው ሰው ባዶ እንስራ አይደለም። ሙሉ ነው፣ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ክፉ ጎኑን ልሸፋፍንላችሁ አልፈልግም። በግድ የተሰበሰበም ብዙ ነበር፤ ከፊደሉ ጋር የመንግሥቱ ፖለቲካ አብሮ ይጋት ነበር፤ ፊቷን ያጠቆረችው አያት ምናልባት የምታስታውሰው ይኼንን ይሆናል። የሆነ ሆኖ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች የማያውቁት መንደር ሄደው የማያውቁትን ሰው እጅ ይዘው ስሙን አስጽፈውታል። እሱንም መካድ አይቻልም።

ታዲያ ምን ቀረ? በ1970ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ከ60 በመቶ በላይ ደርሷል ይል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ግን ከ10 ዓመት ዕድሜ በላይ ካለው ሕዝብ ማንበብ የሚችለው ከአራት ሰው አንዱ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከፊሉ ልዩነት የአቆጣጠር ነው፣ የተጋነነ ሪፖርትም ይኖርበታል። ከፊሉ ግን እውነተኛ መርሳት ነው። ገበሬው ፈተናውን አልፎ የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ፤ በማግስቱ ወደ እርሻው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ደብዳቤ የለ፣ ጋዜጣ የለ፣ መጽሐፍ የለ። ገጠር ውስጥ የንባብ ክፍሎች ተከፍተው ነበር፣ ግን ረሃቡና ጦርነቱ መጣ፤ ማን ቁጭ ብሎ ያነባል? ያልተነበበ ፊደል ደግሞ እንዳልተነዳ መኪና ነው፣ ቆሞ ይዝጋል።

ይህን ቀደም ብለው ያዩ ሰዎችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዩኔስኮ በተለያዩ አገሮች ፊደልን ከሥራ ጋር አያይዞ የማስተማር ሙከራ ሲያደርግ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ገበሬው ነገ የሚያስፈልገውን ነገር እያነበበ ይማር። ዛሬም ገጠር ውስጥ ያለው «የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» የተባለው ፕሮግራም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ንባቡና ስሌቱ ከዘር፣ ከንጹሕ ውኃ፣ ከቁጠባ፣ ከልጅ ጤና ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። ችግሩ ሞልቷል፤ አጨዳ ሲደርስ ክፍሉ ባዶ ይቀራል፣ ትምህርቱ ማታ ከሆነ ሴቶቹ ጨለማውን ይፈራሉ። እኔ ግን መንገዱ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ለምን ብትሉኝ፣ የአማራ ክልልን የመሬት ይዞታ ደብተር ተመልከቱ። የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው አንድ ላይ ሰፍሮበታል። ለአንዲት የገጠር ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መሬቱ የእሷም ነው ማለት ነው። ደብተሩን ማንበብ ካልቻለች ግን «ምን ይላል?» ብላ የምትጠይቀው ያንኑ ባሏን ነው፣ ወይም ከባሏ ጋር የሚዛመደውን ጎረቤት። እንዲህ ያለች ሴት ፊደል የምትማረው ለምስክር ወረቀት አይደለም።

አሁን ወደ እኛው ቤት እንምጣ። ልጆቻቸው አስመጥተዋቸው ከገጠር በቀጥታ እዚህ አፓርታማ የገቡ እናቶች በመካከላችን ብዙ ናቸው። ከአራተኛ ክፍል አቋርጠው ዓረብ አገር ሠርተው የመጡ እህቶችም አሉ። ፊደል አለማወቃቸውን አይነግሯችሁም። «መነጽሬን ረሳሁት፣ እስቲ አንቺ አንብቢልኝ» ነው የሚሉት። አውቶቡሱን በቁጥሩ ቅርጽ፣ መውረጃቸውን በሕንፃው ቀለም ያውቁታል። ይኼ ጉብዝና ነው፣ ማንም እንዳይንቀው። አስፈሪ የሚሆነው መድኃኒት ላይ ነው። እማማ የደም ግፊቱን ኪኒን በቀለሙ ነው የሚለዩት፤ ነጩ የጠዋት፣ ሮዙ የማታ። አንድ ቀን ፋርማሲው ከሌላ ፋብሪካ ያመጣዋል፣ ያው መድኃኒት በሌላ ቀለም ይመጣል። ከዚያስ? ሥራ ውላችሁ ስትመለሱ ምን እንደዋጡ በምን ታውቃላችሁ?

«ክፍል አስገብተናቸው ነበር እኮ፣ እምቢ አሉ» የሚል ልጅ ብዙ ነው። እንግዲህ ይሄን ስሙኝ። አሜሪካ ውስጥ በየማኅበረሰብ ኮሌጁ፣ በየቤተ መጻሕፍቱ ለትልልቅ ሰዎች ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት ይገኛል። ብዙው ክፍል ግን የተዘጋጀው በአገሩ ቋንቋ ማንበብ ለሚችል ሰው ነው። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ ሌላው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፣ እማማ ሰሌዳውን ያያሉ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከተቀመጡ በሦስተኛው እግሬን አመመኝ ቢሉ ይፈረድባቸዋል? ስታስመዘግቡ «በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ አይችሉም፣ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩና ለእንዲህ ዓይነት ጀማሪ የሚሆን ክፍል እንዳለ ጠይቁ። ስዊድን ያላችሁ፣ ኤስኤፍአይ ጥቂት ለተማረ ወይም ጨርሶ ላልተማረ ሰው የራሱ መስመር አለው። ማፈር አያስፈልግም፤ ካልተነገራቸው አያውቁትም።

አንድ ሌላ ነገር። በአሜሪካ ሕግ 55 ዓመት ሞልቷቸው በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 50 ሞልቷቸው 20 ዓመት የኖሩ ሰዎች ለዜግነት ሲያመለክቱ የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርላቸዋል፤ የታሪኩንና የመንግሥት አሠራሩን ጥያቄ በአስተርጓሚ በቋንቋቸው ይመልሳሉ። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ አለና እወቁት። «ታዲያ ምን ያስተምራቸዋል» ለሚለው ግን መልሴ አንድ ነው፤ ሕጉ ከፈተናው ነፃ አወጣቸው እንጂ ከፋርማሲው አላወጣቸውም።

በእኔ አስተያየት መጀመር ያለበት ከአማርኛው ነው። ቤታችሁ የሚነገረው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ከሆነ በዚያው ጀምሩ። ማንበብ ማለት «ይህ ምልክት ይህን ድምፅ ያወጣል» የሚለውን ምስጢር መረዳት ነው፤ ምስጢሩ አንዴ ከገባቸው ወደ እንግሊዝኛውም ይዘውት ይሻገራሉ። በማያውቁት ቋንቋ፣ በማያውቁት ፊደል፣ ሁለቱን ባንዴ መጫን ግን ግፍ ነው። ደግሞም እባካችሁ ከ«ሀ ሁ» ጀምራችሁ 33ቱን ረድፍ በሰባት አባዝታችሁ 231 ፊደል አታስደርድሯቸው። ያ ለቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ጊዜ ላለው ነው። በስማቸው ጀምሩ። ከዚያ የልጅ ልጆቻቸው ስም፣ ከዚያ ወጥ ቤት ያለው ዕቃ።

ልጆች፣ አሁን የእናንተ ተራ ነው። አያታችሁን የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ። «እኛም አማርኛ ማንበብ አንችልም» ካላችሁ እሰየው! እናትና አባታችሁ የቀኑን ሦስት ፊደል ያሳዩአችሁ፣ ከእማማ ጋር አብራችሁ ተማሩት። እሳቸው ቃሉን ያውቁታል፣ እናንተ እርሳስ አያያዙን ታውቁታላችሁ። ቀጭን እስክሪብቶ አትስጧቸው፣ ወፍራም ማርከር ይሻላል። ፊት ለፊት ሳይሆን ጎናቸው ተቀመጡ፤ ፊደሉ እንዳይገለበጥባቸው። ሲሳሳቱ አትሳቁ፣ እንግዳ ባለበት ደግሞ ጨርሶ አታርሟቸው። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ።

የመጀመሪያው ሥራ ይኼ ይሁን። ወረቀት ቆርጣችሁ «ጨው»፣ «ስኳር»፣ «ሽሮ»፣ «በርበሬ» ብላችሁ አብራችሁ ጻፉና ማሰሮዎቹ ላይ ለጥፉ። በሳምንቱ ወረቀቶቹን አንሡና አቀላቅሏቸው፤ እማማ መልሰው ይለጥፉ። ጨውና ስኳሩ የተቀያየረ ቀን ሻዩን የሚቀምሰው አስተማሪው ነው፣ ደንቡ ይኼ ነው! ቀጥሎ ስልካቸው ላይ የሚደውሉላቸውን ሰዎች ስም በአማርኛ አስገቡላቸው። «ማን እንደሆነ እንጃ» ብለው ሳያነሡት የሚቀር ስልክ ይቀንሳል። ወላጆች ደግሞ የመድኃኒቱን ብልቃጥ እናንተ ያዙት፤ የፋርማሲውን ጽሑፍ ሳትሸፍኑ በጎኑ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብላችሁ በትልቁ ለጥፉበት። እነዚህን ሁለት ቃላት ማንበብ ሲችሉ የኪኒኑ ቀለም መለወጥ እንደ በፊቱ አያስፈራም።

ስማቸውንና የወጥ ቤቱን ዕቃ ማንበብ ሲችሉ «ተማሩ» ብላችሁ እንዳታቆሙ። የ1971ዱን ገበሬ አስታውሱት። በየቀኑ የሚያነቡት ነገር ያስፈልጋቸዋል፣ እሳቸው የወደዱት እንጂ እናንተ የመረጣችሁት አይሁን። ዳዊት ለመድገም የሚጓጉ እናት አሉ፤ በትልልቅ ፊደል የታተመ ፈልጉላቸው። ቁርኣንን በአማርኛ ትርጉም ማንበብ የሚመኙም አሉ። አገር ቤት ያለው የወንድማቸው ልጅ ሁልጊዜ በድምፅ ከሚልክላቸው አልፎ አልፎ ሁለት መስመር ይጻፍላቸው፤ እሱን ሳያነቡ አያድሩም። በዘገየ ቁጥርም እናንተ አታንብቡላቸው፣ ትንሽ ጠብቁ።

በብዙ ቦታ አዲሱ የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በመስከረም አካባቢ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛውን መሞከር የፈለጉ እለት ከምዝገባው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ለማያነብ ጀማሪ ክፍል አለ ወይ፣ ቀን ነው ወይስ ማታ፣ አውቶቡስ ያደርሳል ወይ። ስትሄዱ አብራችኋቸው ግቡ። ቅጹን እናንተ ሙሉላቸው፣ የስሙን መስመር ግን ለእሳቸው ተዉላቸው።