ሐይቅ የሚያይ መስኮት



በዛሬው ጊዜ ትዳር የሚይዙ ወጣቶች ስለ ጫጉላ ሲያወሩ የሚያነሷቸው ቦታዎች፣ ወላጆቻችን ስማቸውን እንኳ ሰምተዋቸው የማያውቁ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የሰሜን ጣሊያን ሐይቆች ይገኙበታል። በየስልኩ የሚዞረው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው፤ ወደ ሐይቅ የተከፈተ መስኮት፣ ነጭ መጋረጃ፣ ለሁለት ሰው የተሰናዳ ቁርስ። ሥዕሉን ያየ ሁሉ «እዚያ ብንሆን ፍቅራችን ምንኛ በደመቀ ነበር!» ማለቱ አይቀርም። ለመሆኑ ፍቅር በመስኮት ይገባልን? የዚህ ወር ዓምዳችን ይህንኑ ጥያቄ ይመለከታል።

እኛም ባልና ሚስት ሆነን ቦታውን በዓይናችን የማየት ዕድል ገጥሞናል። ሚላኖ የሚኖሩ አጎታችን ለሰርጋችን መምጣት ስላልቻሉ፣ በስጦታ መልክ በጋርዳ ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ሆቴል የሁለት ሌሊት ማደሪያ ከፍለውልን ነበር። የመምህር ደመወዝ ለዚህ እንደማይበቃ አንባቢ ያውቃልና ይህን አስቀድሞ መናገሩ ይሻላል።

ጋርዳ የጣሊያን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 370 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ 52 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም እስከ 346 ሜትር ይደርሳል። በጥንት ዘመን ከአልፕስ ተራሮች የወረደ የበረዶ ግግር ሸለቆውን ቦርቡሮ እንደሠራው የመልክዓ ምድር ምሁራን ያስረዳሉ። ከሚላኖ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ዴሰንዛኖ ከተማ ይደረሳል። ከዚያ አውቶቡሱ የምዕራቡን ዳርቻ ይዞ በሳሎና በጋርዶኔ በኩል ጋርኛኖ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ይወስዳል። ከጋርኛኖ ወደ ሰሜን ያለው መንገድ ተራራውን በዋሻ እየበሳ የሚያልፍ ሲሆን፣ የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ከዚያ በፊት በገደሉ ሥር ወዳሉት መንደሮች መግቢያው በዋናነት ጀልባ ነበር።

ያረፍንባት ሆቴል ዛሬ «ቡቲክ ሆቴል» ከሚባሉት ወገን ናት። ስሙ ያማረ ይሁን እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ቤቱ ብዙውን ጊዜ ለሆቴልነት የተሠራ ሳይሆን የቀድሞ ባለጸጋ መኖሪያ ነው፤ ባለቤቲቱም እንግዳውን በስሙ ታውቀዋለች። በትልቅ ሆቴል መቶውም ክፍል አንድ ዓይነት ሲሆን በዚህ ግን እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ መልክ አለው። ዋጋውን የሚወስነው ደግሞ መስኮቱ ነው። በዚያው ፎቅ፣ በዚያው ስፋት፣ ሐይቁን የሚያየው ክፍል ጓሮውን ከሚያየው ይወደዳል። ከክፍሉ ኪራይ ሌላ በሰውና በሌሊት ተቆጥሮ ለማዘጋጃ ቤት የሚከፈል የእንግዳ ቀረጥ አለ። ብዙዎቹ ሆቴሎች ከፋሲካቸው ሰሞን እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ ስለሚሠሩ በክረምታቸው የሄደ ሰው ደጁን ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል።

ለሙስሊም ቤተሰብ ጥቂት ነገር እናክል። በቁርስ ገበታ ላይ የአሳማ ሥጋ በየዓይነቱ ይቀርባል፤ ይህ ግልጽ ስለሆነ ለመራቅ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የማይታየው ነው። ሪዞቶ የሚባለው የሩዝ ወጥ ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይን ጠጅ ተጨምሮበት ይበስላል፤ ቲራሚሱ የተባለው ጣፋጭም አልኮል ሊገባበት ይችላል። መፍትሔው ሳያፍሩ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የሐይቁ ዓሣ፣ የወይራ ዘይቱና አትክልቱ ያለ ስጋት ያጠግባሉ። ከሁሉ የገረመን የቂብላው አቅጣጫ ነው። ከሰሜን ጣሊያን መካ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ስለምትገኝ፣ ጋርኛኖም በሐይቁ ምዕራብ ዳር ስላለች፣ ሰጋጁ የሚዞረው ወደዚያው ሁሉ ሰው ገንዘብ ወደሚከፍልበት መስኮት ነው። ሱብሒን ሰግደን ስናበቃ በማዶ ያለው፣ ከፍታው 2,218 ሜትር የሆነው ሞንቴ ባልዶ ተራራ ጫፉ እየነጣ ነበር።

ሐይቁ የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው። ጠዋት ጠዋት ከሰሜን «ፔሌር» የሚሉት ነፋስ ይነፍሳል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ «ኦራ» የሚሉት ከደቡብ ይመለሳል። የድሮ ጀልበኞች በአንዱ ሄደው በሌላው ይመለሱ ነበር። ውኃው ብርዱን ስለሚያለዝበው በአልፕስ ግርጌ ሎሚ ይበቅላል። ለዚህም በተዳፋቱ ላይ ረጃጅም የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ገበሬዎቹ በክረምት በምሰሶዎቹ መካከል ሳንቃና መስተዋት እየገጠሙ ዛፎቹን ቤት ያስገቧቸው ነበር። ሎሚን ጣሊያኖች «ሊሞኔ» ይሉታል። በመድረሳ «ለይሙን» ብለን የተማርነው የዓረብኛ ቃል ነው። ዓረቦች ሲሲሊን በያዙበት ዘመን የሎሚንና የመራራ ብርቱካንን ተክል ወደዚያ አገር ማስገባታቸውን የታሪክ መጻሕፍት ያወሳሉ። የእኛም «ሎሚ» የዚያው ቃል ዘመድ ነው። እንግዲህ አንድ ፍሬ ስንት አገር እንደዞረ አስተውሉ።

በሁለተኛው ቀን በዳርቻው ስንመላለስ ከጋርኛኖ ጥቂት ወጣ ብሎ በዛፎች የተከበበ አንድ ቤት አየን። ቪላ ፌልትሪኔሊ ይባላል። በእንጨት ንግድ የበለጸጉ የፌልትሪኔሊ ቤተሰቦች በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ያሠሩት ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሃያ ያህል ክፍሎች ያሉት ሆቴል ሲሆን፣ ለፍቅረኞች ከሚመረጡት የሐይቁ ማረፊያዎች አንዱ ነው። የአንድ ሌሊት ዋጋው ከሺህ ዩሮ ያልፋል።

ከጥቅምት 1943 እስከ ሚያዝያ 1945 እ.ኤ.አ. በዚህ ቤት የኖረው ቤኒቶ ሙሶሊኒ ነው። በሐምሌ 1943 ከሥልጣን ወርዶ ታስሮ ሳለ በመስከረም ወር ጀርመኖች አስፈትተውት በዚህ ሐይቅ ዙሪያ በእነሱ ጥበቃ ሥር የሚቆም መንግሥት አቋቋሙለት። ሚኒስቴሮቹ በየከተማው የተበተኑ ሲሆን፣ «የሳሎ ሪፐብሊክ» የሚለው ስም ቀረበት። የመከላከያ ሚኒስትሩ ማን ነበር? ሮዶልፎ ግራዚያኒ!

ይህን ስም ለአንባቢያችን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ወጣቶቻችን ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ አያይዘው አይሰሟቸውም። በሊቢያ ቁርኣን ያስተምሩ የነበሩት አዛውንት ዑመር አል ሙኽታር በመስከረም 1931 እ.ኤ.አ. ሱሉቅ ላይ እስረኞች እያዩ የተሰቀሉት ግራዚያኒ በዚያ ምድር ጦሩን ሲያዝ ነው። ከዚያ በፊትም መቶ ሺህ ያህል የገጠር ሕዝብ ከነከብቱ ተነቅሎ በሽቦ በታጠሩ ካምፖች ታጉሮ ነበር። ያው ሰው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን በከተማይቱ የሆነውን እናውቃለን። በመንግሥታችን መዝገብ የሟቾቹ ቁጥር 30 ሺህ ነው። ከዚህ በኋላ ወር ያህል ቆይቶ፣ በመጋቢት 1937 እ.ኤ.አ.፣ ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ በፈረስ ሆኖ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ሰይፍ ተቀበለ፤ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝም አለ። የዑመር አል ሙኽታር አገር ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 ጣሊያን ውስጥ 19 ዓመት ተፈረደበት። የተከሰሰው ግን ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በሊቢያና በኢትዮጵያ በሠራው አልነበረም። ታስሮ የቆየውም ጥቂት ጊዜ ነው፤ በ1955 ሞተ።

ይህን እያሰብን ወደ ሆቴላችን ስንመለስ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንደኛችን «እዚህ መዝናናት ነውር ነው፤ የሟቾቹን ደም መርሳት ይሆንብናል» አልን። ሁለተኛችን ደግሞ «ሐይቁ ምን አጠፋ? ውኃውን የፈጠረው አላህ ነው፤ ሙሶሊኒ ሃያ ወር ስላልሞላ ጊዜ ስላየው የእሱ አይሆንም» አልን። ማታ ባለቤቲቱ ሻይ ስታመጣልን ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። ኢትዮጵያ ስንላት ትሪውን እንደያዘች ጥቂት ቆመችና «አያቴ በወጣትነታቸው እዚያ ነበሩ» አለች። «ስለዚያ ነገር ግን ቤት ውስጥ አንድም ቀን አውርተው አያውቁም።» እኛም ዝም አልን። ከዚያ ተቀምጣ ስለ የካቲት 12 እንድንነግራት ጠየቀችን፤ ነገርናት። በትምህርት ቤት እንዳልተማረችው ነገረችን። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ማታ በኋላ ክርክራችን ሌላ መልክ ያዘ። ዋናው ነገር መሄድ አለመሄዱ አይደለም። ሳያውቁ አድሮ መመለስ፣ ፎቶ ተነሥቶ መውጣት ነው የሚያሳዝነው። ተጨቋኞቹን የሚያስታውስ ሰው ሐይቁን አይቶ ቢደሰት አይወቀስም፤ ተቃውሞው ከመርሳት ጋር ነው። ልጆቻችንም ነገ የቪላውን ሥዕል በስልክ ሲያዩ «እንዴት ያምራል!» ቢሉ አንቆጣቸውም። «አዎን ያምራል፤ ማን እንደኖረበት ታውቃላችሁ?» ብለን እንጠይቃቸዋለን እንጂ።

ለባለትዳሮች ደግሞ ቤቱ ሌላ ትምህርት አለው። ያ ሰው ዛሬ ሙሽሮች ከሺህ ዩሮ በላይ የሚከፍሉበትን ሐይቅ በየጧቱ በነጻ ያየው ነበር። ሚስቱ ራኬሌና ልጆቹ አብረውት ሲኖሩ፣ ቅምጡ ክላሬታ ፔታቺ ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ጋርዶኔ ላይ ሌላ ቪላ ተይዞላት ነበር። የልጁ የኤዳ ባል፣ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጋሊያሶ ቻኖ፣ በጥር 1944 እ.ኤ.አ. በዚያው መንግሥት ተፈርዶበት ቬሮና ላይ ተረሸነ። ልጅቱ ለባሏ ሕይወት አባቷን ብትለምንም አልሆነላትም። እንግዲህ መስኮቱ ያው፣ ሐይቁ ያው፣ ተራራው ያው ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን ታማኝነት አልነበረም፣ አባትና ልጅም ተቆራርጠዋል። ሚያዝያ 28 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒና ፔታቺ በሌላ ውብ ሐይቅ አጠገብ፣ በኮሞ ዳርቻ፣ በጥይት ተገደሉ።

ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሱ የሚከተለው ይመስለናል። ፍቅር በመስኮት አይገባም፤ ወደ ቤቱ የገቡት ሁለቱ ሰዎች ይዘውት መምጣት አለባቸው። ታዲያ ጉዞው ዋጋ የለውም ማለት ነውን? በፍጹም! ባልና ሚስት ከዘመድ ጥያቄ፣ ከሥራ ወሬ፣ ከስልክ ጥሪ ተለይተው ሁለት ቀን ብቻቸውን መቆየታቸው ትልቅ ነገር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእመት ዓኢሻ ጋር ሩጫ መወዳደራቸው በሐዲስ መዘገቡም፣ በትዳር ውስጥ ጨዋታና መዝናናት ከቁም ነገር የሚቆጠሩ መሆናቸውን ያስረዳናል። በእነዚያ ሁለት ቀናት የቆየ ቅሬታ ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ቀድሞ ለመናገር ያፈርነውን ተናግረናል። ይህን ያደረገልን ግን ጊዜው ነው።

ጊዜ ደግሞ በዩሮ ብቻ አይገዛም። ቢሾፍቱ ላይ በእሳተ ገሞራ አፎች ውስጥ የተኙ ሐይቆች አሉ። ሐዋሳ አለ፤ ላንጋኖ አለ፤ ወሎ ላይ ስሙም ሐይቅ የሆነ ሐይቅ አለ። ለጫጉላ ተበድሮ ውጭ አገር ሄዶ፣ ሲመለስ በዕዳ ምክንያት ከሚጣላ ባልና ሚስት ይልቅ፣ በታክሲና በአውቶቡስ ሄዶ ከሐይቅ ዳር ዓሣ በልቶ የሚመለሰው ይሻላል። አቅም ያለውም ይሂድ፤ ጋርዳ ያማረ ነው። ሲሄድ ግን አንድ ነገር ያድርግ፦ የሚያድርበትን ቤት ታሪክ ይጠይቅ፤ የሚጠይቀውም ካለ የእኛን ታሪክ ይንገር።

ወጣቶች ሆይ! ከማግባታችሁ በፊት የት እንደምታድሩ ብቻ ሳይሆን፣ መስኮቱ ሲዘጋ ምን እንደምትነጋገሩም ተመካከሩ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።